ጠበል ሲሄዱ መርፌውን የት ያስቀምጡታል?

የምሠራው ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚመላለሱበት የክትትል ክፍል ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ድካም፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሁሉ በአንድ ኮሪደር ተራቸውን ይጠብቃሉ። በዚህ ክፍል ውስጥ የሰማሁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ከሰማሁት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። የጠየቀችው ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ያገለገለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት የማላውቅ ሲስተር ናት። የተጠየቁት ደግሞ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ለስኳር ሕመማቸው ኢንሱሊን የሚወስዱ እናት ነበሩ።

የእኚህ እናት የክትትል ደብተር ግራ ያጋባ ነበር። ልኬታቸው ለወራት ደህና ይሆንና ድንገት ሦስት መቶን ያልፋል፤ ቆይቶ ደግሞ ይወርዳል። አንዱ ሐኪም የኢንሱሊኑን መጠን ጨመረ፤ በሌላ ቀጠሮ ሌላው ሐኪም ደግሞ ጨመረበት። «መርፌዎን በትክክል ይወስዳሉ?» በተባሉ ቁጥር መልሳቸው «አዎ ልጄ፣ በትክክል» ነው። በካርዱ ላይም መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደሚወስዱ ይጻፋል። እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ጥያቄ ከ«አዎ» የተለየ መልስ የሚሰጥ ታካሚ እምብዛም አይገኝም። የምንጠይቀው ቆመን፣ ዓይናችን ካርዱ ላይ ተተክሎ፣ በሩ ላይ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። «አልወስድም» ማለት ተግሣጽ እንደሚያመጣ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

በዚያን ዕለት ሲስተር የደም ግፊት መለኪያውን ከክንዳቸው ላይ ከፈታች በኋላ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። በእጃቸው የያዙትን መቁጠሪያ አይታ ኖሮ፣ «እማማ፣ ጠበል ሲሄዱ መርፌውን የት ያስቀምጡታል?» አለቻቸው።

እናትየው ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ትንሽ ቆይተው «ይዤው አልሄድማ» አሉ።

ጥያቄው የከፈተው

ስለዚህች አጭር ጥያቄ ብዙ አስቤያለሁ። «ጠበል ይሄዳሉ ወይ?» ብላ አልጠየቀቻቸውም፤ መሄዳቸው ምንም የሚያስነውር ነገር እንደሌለበት አስቀድማ ተቀብላዋለች። «መርፌውን ትተዋል ወይ?» ብላም አልመረመረቻቸውም። የጠየቀችው ስለ አንድ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ማንም ሰው ሳይሸማቀቅ መልስ መስጠት ይችላል። የነርስነት ትምህርት ስንማር ከታካሚ ጋር ስለመነጋገር የተነገረን ብዙ ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛው ጥያቄ ከታካሚው ኑሮ ውስጥ ተነሥቶ ሲጠየቅ ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያን ቀን ነው።

ታሪኩ ቀስ በቀስ ወጣ። በየጾሙ ወቅት ከከተማ ወጥተው ሱባኤ ይገባሉ። ጠበሉን የሚጠመቁት በባዶ ሆድ ነው፤ እህል የሚቀምሱት ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ በሄዱበት ጊዜ ኢንሱሊናቸውን ይዘው ነበር። ጠዋት እንደ ልማዳቸው ተወጉና ወደ መጠመቂያው ወረዱ። ረፋድ ላይ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ የሚናገሩት ነገር ተምታታባቸው፣ ጮኹም። በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች መንፈስ የጮኸባቸው መሰላቸው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ስኳር የበዛበት ሻይ ስታጠጣቸው ረጋ አሉ። ከዚያ በኋላ መርፌውና ጠበሉ እንደማይስማሙ ለራሳቸው ደመደሙ፤ ሱባኤ በገቡ ቁጥር ኢንሱሊኑን ጎረቤት ቤት ፍሪጅ ውስጥ ትተውት መሄድ ጀመሩ።

ኢንሱሊን ተወስዶ ምግብ ካልተበላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ላቡ፣ መንቀጥቀጡና የአእምሮ መምታታቱ የዚሁ ምልክቶች ናቸው። እኚህ እናት ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። ነገር ግን በገዛ አካላቸው ላይ ያዩትን አገናዝበው ወደ አንድ መደምደሚያ ደርሰዋል። ባዩት ነገር ልክ ከሆነ መደምደሚያቸው የሞኝ አልነበረም። እኛ «ያልተማሩ ናቸው፣ መድኃኒት ያቋርጣሉ» የምንላቸው ብዙ ታካሚዎች መድኃኒቱን ያቋረጡት አንድ ነገር አይተው ነው፤ ያዩትን ግን የጠየቃቸው የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኚህ እናት በሽታቸውን አልደበቁም፤ የደበቁን መድኃኒት መተዋቸውን ነው። ለዚህ ድብቅነት የእኛ አጠያየቅ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ማሰብ ደስ አይልም።

ቀጥሎ የተሠራው ሥራ ሁሉ ከዚያች መልስ ተነሥቶ የተሠራ ነው። ሲስተር ጉዳዩን ለሐኪሙ አስረዳች፤ ሐኪሙም የተጨመረውን መጠን መልሶ አየው። እናትየው የንስሐ አባታቸውን አማከሩ፤ እርሳቸውም እናትየው ሕመምተኛ ስለሆኑ ጠዋት እህል ቀምሰው፣ መርፌያቸውን ወስደው እንዲጠመቁ ፈቀዱላቸው። ይህ ፈቃድ አዲስ ነገር አይደለም። የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበልን ብለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ይተዉ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና እንደማይጻረሩ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል የእኛ ክፍል ታካሚዎች ዘንድ ምን ያህል እንደደረሰ ግን እጠራጠራለሁ።

ፍሪጅ በሌለበት ቦታ ኢንሱሊኑ እንዳይበላሽ አንዱን የሸክላ ዕቃ በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ መሙላት እንደሚቻል ተነገራቸው። በኪሳቸው ስኳር እንዲይዙ፣ ከመጠመቂያው መልስም እግራቸውን አንድ በአንድ እንዲመለከቱ ተመከሩ። እግር መመልከቱ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ፣ በባዶ እግሩ ድንጋይ ላይ የዋለ ሰው ቁስሉን የሚያውቀው ሲሸት ነው።

ጠበሉ ለስኳሩ አልነበረም

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የጥሩ ምክር ታሪክ ብቻ ይሆን ነበር። ሲስተር ግን ሁለተኛ ጥያቄ ጨመረች፤ «ጠበሉ ምኑን ያቀልልዎታል?»

የጠበቅሁት መልስ «ስኳሩን» የሚል ነበር። እሳቸው ግን «እንቅልፍ» አሉ። ልጃቸው ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ሌሊቱ አይነጋላቸውም። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ ሆነ፤ አሁን ስልኩ ሲጮህ ይደነግጣሉ፣ ሳይጮህ ሲቀርም ይደነግጣሉ። ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ምግብ አይቀርባቸውም። ጠበል ቦታው ላይ ግን ከሌሎች ሴቶች ጋር ተኝተው፣ ከእነሱ ጋር ጸልየው፣ አብረው ቆሎ ቆርጥመው ያድራሉ። «እዚያ ስሆን ራሴን አገኘዋለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ የስኳሩና የሐዘኑ ነገር ተገናኘ። ሰውነት በጭንቀት ውስጥ ሲቆይ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል፤ እነዚህም ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲያወጣ ያደርጉታል። ከዚህ በላይ ደግሞ ያዘነ ሰው በሰዓቱ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፣ መርፌውን ይሰለቻል። የድብርት ሕመም የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ እንደሚበዛ ከታወቀ ቆይቷል። በእኛ ክፍል ግን በየቀጠሮው ክብደት እንለካለን፣ ግፊት እንለካለን፣ ስኳር እንለካለን፤ ልብን የሚከብደውን አንለካም።

መለኪያው ጠፍቶ አይደለም። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድብርት መለያ መጠይቅ አለ፤ በአማርኛም ተሠርቶበታል፤ ነርስ በጥቂት ደቂቃ ልትሞላው ትችላለች። ከጥያቄዎቹ የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ የሚጠይቀው ሰው ከመልሱ በኋላ ወዴት እንደሚልክ ሳያውቅ ሊጠይቅ አይገባውም። ሲስተር ከእናትየው ጋር መጠይቁን ሞላች። ውጤቱ መካከለኛ ሆነ፤ ለአእምሮ ሐኪም ወዲያው የሚያስተላልፍ አልነበረም፣ ዝም ተብሎ የሚታለፍም አልነበረም።

«አይዞዎት» ብቻውን

እኛ አገር ታካሚን የማጽናናት ችግር የለብንም። «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከእርስዎ የባሰ አለ» የሚለው ቃል ከአፋችን የሚወጣው ሳናስበው ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይህ ቃል የሚነገረው ወሬው እንዲያበቃ ነው። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍ፣ ለሕመምተኛ የሚነገር ባዶ ተስፋና የተዝረከረከ ምክር ምን ያህል እንደሚያደክመው ለማስረዳት አንድ ሙሉ ምዕራፍ መድባለች። ያንን ምዕራፍ ሳነብ የእኛ ኮሪደር ታወሰኝ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረትም በሌላ ጉዳይ ላይ ይሠራ ይሆናል፤ በሕመም ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

ሲስተር ያደረገችው ሌላ ነው። ችግሮቹን እንዲቆጥሩ ጠየቀቻቸው፤ ከተቆጠሩትም መካከል በዚህ ወር እጅ የሚደርስበትን አንዱን እንዲመርጡ አደረገች። የመረጡት የስልኩን ጉዳይ ነበር። ቀጥሎ ምን ሊደረግ እንደሚችል አብረው አወጡ፤ ልጃቸው የእረፍት ቀኗ መቼ እንደሆነ መጠየቅ፣ በዚያ ቀን የሚደወልበትን ሰዓት መቁረጥ፣ እስከዚያ ስልኩን ለጎረቤት ልጅ መስጠት። ይህ አሠራር ስም አለው፤ ችግር የመፍታት ሕክምና ይባላል። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ ከተማ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ አሮጊቶች ይህንኑ ዘዴ ለጎረቤቶቻቸው እንዲሰጡ አድርጓል። በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎችን አካቶ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ ይህን አገልግሎት ያገኙ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸው ከሌሎቹ በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል። አሮጊቶች በወንበር ላይ የቻሉትን ሥራ፣ ዲግሪ የያዝን ነርሶች «ይህ የሳይኮሎጂስት ድርሻ ነው» ብለን የምንሸሸው ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም።

ሌላው ያየሁት ነገር አተነፋፈስ ነው። ሲስተር ደም ግፊት ከመለካቷ በፊት ታካሚው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ በአፍንጫው እንዲስብ፣ ከሳበበት ጊዜ በረዘመ ጊዜም ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ ታደርጋለች፤ ራሷም አብራ ትተነፍሳለች። ለእኚህ እናት ግን ቁጥር አላስቆጠረቻቸውም። «መቁጠሪያውን ይያዙና ‹እግዚኦ› የሚሉትን አንዷን ባንድ ትንፋሽ፣ ሳይቸኩሉ ይበሉልኝ» አለቻቸው። ጣታቸው ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ ሲያልፍ ትከሻቸው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። በኋላ እንዳነበብኩት ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በመቁጠሪያ የሚደረግ ጸሎትም በዮጋ የሚደጋገም ቃልም የሰዎችን አተነፋፈስ በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንደሚያወርደውና ልብና የደም ሥር ግፊትን የሚያስተካክሉበት ሥርዓት በዚያ ፍጥነት ይበልጥ ንቁ እንደሚሆን ለክተዋል። ለሙስሊም ታካሚዎች ደግሞ ተስቢህ አለላቸው። ከውጭ የመጣ የማረጋጊያ ካሴት ከማስደመጥ በፊት ሰው በእጁ የያዘውን ማየቱ ይቀድማል።

ወሰኑ

ይህን ስጽፍ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «ተጓዳኝ ሕክምና» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸከማል፤ ከስሙ ሥር ማሳጅም፣ ጸሎትም፣ የምክር አገልግሎትም፣ ማንም ያልመረመረው ዱቄትም ይገባል። ሁሉንም «አይጎዳም» ብሎ ማለፍ ሁሉንም «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ከማባረር አይሻልም። አብሽን እንውሰድ። የደም ስኳርን በመጠኑ ሊያወርድ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ስለዚህም ነው ከኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከሚባለው የስኳር ክኒን ጋር በብዛት ሲወሰድ ስኳሩ ከሚፈለገው በታች እንዳይወርድ መጠንቀቅ የሚገባው። እግርን በጨውና በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ለደከመ እግር ደስ ይላል፤ ስሜቱ ለደነዘዘ እግር ግን የቃጠሎ ምክንያት ነው፤ በእኛ ክፍል የሚመጣው የእግር ቁስል ሁሉ ከጫማ አይደለም። የልብ ቫልቭ ችግር ኖሮበት ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጎመን የሚበላበት መጠን አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲጠፋ እንኳ የደሙ መቅጠን ይዛባል፤ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ቢጨምርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ተጓዳኝ የሚባለው ነገር ምትክ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ይከፈላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው ዘመናዊውን ሕክምና በመተው አማራጭ መድኃኒት ብቻ የመረጡ ሰዎችን ከሌሎች ታካሚዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ የሞት አደጋቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለ ሥነ ልቦናዊ ሕክምናውም ቢሆን ከሚገባው በላይ መናገር አልፈልግም። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) መትቷቸው ድብርት ወይም ብቸኝነት የተጫናቸውን 2,481 ሰዎች ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት፣ የንግግር ሕክምናው ድብርታቸውን እንዳቀለለላቸው፣ ዕድሜያቸውን ግን እንዳላረዘመላቸው አረጋግጧል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ጠቅሰው «እንግዲያው ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። እኔ ግን ድብርት መቅለሉ በራሱ ጥቅም አይደለም የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገርመኛል። ለጥርስ ሕመም የምንሰጠው ማስታገሻም ዕድሜ አያረዝምም።

በካርዱ ላይ የሌለው ቦታ

የክትትል ካርዳችን ለክብደት፣ ለግፊት፣ ለስኳርና ለታዘዘው መድኃኒት የተሰመረ ቦታ አለው። ታካሚው ቤቱ ስለሚወስደው ሥራ ሥርና ቅጠል፣ ስለ ጾሙና ስለ ጠበሉ፣ ስለ እንቅልፉም የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። ስለዚህ ሲስተር በካርዱ ጀርባ በእርሳስ ትጽፋለች፤ እኔም ከእሷ ተምሬ እጽፋለሁ። ካርዱ ሲሞላና አዲስ ሲወጣ ግን ጀርባው አይገለበጥም፤ የታካሚው ቃል እዚያው ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ጤና አገልግሎት በጠቅላላ ሐኪሞችና በነርሶች እጅ በየጤና ተቋሙ እንዲሰጥ ፕሮግራም ካወጣ ቆይቷል፤ በአገራችንም ሥልጠናው ይሰጣል። ከሥልጠና የተመለሰች ነርስ የተማረችውን የምትጽፍበት መስመር እንኳ ካላገኘች፣ ሥልጠናው ከምስክር ወረቀት የማለፍ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ይህን በስብሰባ ላይ ስናነሣ የሚሰጠን መልስ ጊዜ የለም የሚል ነው። ጊዜ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩን ያየ ሰው አይከራከረኝም። ነገር ግን የእኚህን እናት ደብተር አስቡት። «አዎ፣ በትክክል እወስዳለሁ» በሚለው ቃል ላይ ተመሥርቶ መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል። ልኬታቸው ሦስት መቶ የሚያልፈው መርፌውን በማይወስዱበት በሱባኤው ሰሞን ነው፤ የተጨመረውን መጠን የሚወጉት ግን ከሱባኤ ተመልሰው፣ ስኳራቸው ያለ ጭማሪው ይስተካከል በነበረበት ጊዜ ነው። ሌሊት ብቻቸውን በሚያድሩበት ቤት ስኳራቸው ቢወርድ ሻይ የሚያጠጣቸው ሰው አልነበረም። በየቀጠሮው የቆጠብናት ደቂቃ የምትታሰበው ከዚህ ጋር ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የካርድ ሕትመት ከመድኃኒቱ ቀጥሎ አንድ ዓምድ እንዲሰመር ጠይቀናል፤ ርእሱም «ከታዘዘው ሌላ ምን ይጠቀማሉ? ለምን?» የሚል እንዲሆን ነው። «ለምን» የሚለው ይቀነስ የሚሉ አሉ፤ ቦታ ይይዛል ብለው። እኛ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ የግድ የሚቀነስ ከሆነ የመጀመሪያው ይቀነስ ብለናል።